የዓርቡ ጥብስ ጭስ

ከአንሴልሞ ላቦራቶሪ አጥር ማዶ የወዳጁ የዶናቶ ፒዛ ቤት አለ። የምድጃው ጭስ ሰፈሩን መርዟል ተብሎ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሰኞ ሊያሽግበት ነው። ዶናቶን የሚያድነው ከአንሴልሞና ከባልደረባው ከዙሌይካ ምርመራ የሚወጣው ውጤት ብቻ ነበር።

ኬሚስቱ አንሴልሞ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚያምነው ጭስ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ሁሉ የሚዘረዝርለትን ማሽኑን ነው። ባዮሎጂስቷ ዙሌይካ ደግሞ አጥሩ ላይ የደረደረቻቸውን ሐምራዊ አበቦች ታምናለች፤ አየሩ ሲከፋ ህዋሶቻቸው ይጎዳሉ። እሱ ጎመን ተካይ ይላታል። እሷም ማሽንህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም ይጠራል፣ ሌባውን ግን ለይቶ አያውቅም ትለዋለች። የእሷ አበቦችም ቢሆኑ መሰረቃቸውን እንጂ ማን እንደሰረቃቸው አይናገሩም።

ዘንድሮ ግን ተባበሩ። እሱ የሰፈሩን አየር በሚስበው ማጣሪያ ላይ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ አጥቦ በየዓይነቱ ከፋፈለ፤ እሷ እያንዳንዱን ለየብቻ ለአበቦቿ አጠጣች። ክፉኛ የጎዳቸው አንዱ ብቻ ነበር። እሱን ማሽኑ ውስጥ ከተቱት።

ውጤቱ ሲወጣ አንሴልሞ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ደግሞ አየው። የባቡር ሐዲድ እንጨት ምስጥ እንዳይበላው የሚነከርበት ሬንጅ መሰል ጥቁር መድኃኒት ነው። ዶናቶ የሚያነደው ባሕር ዛፍ ነው። በሰፈሩ የሐዲድ እንጨት የሚያነድ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም በየዓርቡ በላቦራቶሪው ጓሮ ሥጋ እየጠበሰ፣ አሮጌ እንጨት ጣዕም ይሰጣል እያለ የሚጎርረው አንሴልሞ ነው።

ዙሌይካ ሳቋ አመለጣት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!»

«እስቲ ዝም በይ» አላት። በጣም አፈረ። ምንጩ አልታወቀም ብሎ ማለፍም ለአፍታ አማረው።

በዚህ መሃል ዶናቶ አንድ እቅፍ ባሕር ዛፍ ይዞ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«እንካ ወንድሜ፣ ለዓርብ ጥብስህ ይሁንህ። ከሰኞ ወዲያ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

አንሴልሞ እንጨቱን ወደ እሱ ገፋው። «መልሰው። አንተው ታነደዋለህ። ሰፈሩን የመረዝኩት እኔ ነኝ፣ በዚያ በሐዲድ እንጨት። ሰኞም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

ዶናቶ እንጨቱን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።

«ጥብስህ ሬንጅ ሬንጅ ይላል ስልህ፣ ቅናት ነው ብለኸኝ አልነበር?»