የእባብ ባና
ወይዘሮ ጥሩሸዋ ያንን እባብ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጠልተውታል፤ ደብቀውትም አያውቁም። ጠዋት ይረግሙታል፣ ማታ ይረግሙታል፣ በመካከሉ ደግሞ ያመጣችውን ይረግማሉ። ያመጣችው ልጃቸው ጽናት ናት፤ መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ተማሪዎች ከጀማ ሸለቆ በጆንያ ይዘውት መጥተው በድንጋይ ሊጨርሱት ሲሉ ነጥቃቸው፣ "መርዝ የለውም" ብላ ቤት ይዛው ገባች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ሦስት ሆኑ።

"መርዝ የለውም!" ይላሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። "ለሔዋንም እንዲያ ነው ያላት!"

ይባስ ብሎ በዚያ ብርድ አገር ለእባቡ ፀሐይ ተሠራለት። ጽናት ሳምንት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ከሰል እንዳታደርግለት ጭሱ ያፍነዋል። የጋለ ድንጋይ ሆዱን ይጠብሰዋል፤ እስኪቃጠል ድረስ አይታወቀውም። አምፖል ሣጥኑ ውስጥ ቢገባ ይጠመጠምበታል። በመጨረሻ አምፖሉን ከመስታወቱ ሣጥን ክዳን በላይ፣ ከወንፊት ሽቦው ውጪ፣ በአንደኛው ጫፍ ሰቀለችው። ሲሞቀው እንዲሸሽ ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ሆኖ ተተወ። ማታ መብራቱ ይጠፋና ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ጎን ይቀመጣል።

"ለእኔ ጉልበት እንዲህ አስበሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

"ሐኪም ቤት እንሂድ ስልሽ እምቢ ያልሽው አንቺ!"

ጠቡ ከረረ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንድ ቀን ከነሣጥኑ አቃጥለዋለሁ" ብለው ዛቱ። ቤት ገብተውም "እስከ ገና ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ" አሉ።

"አንቺ ለምን ትወጫለሽ? እኔው ይዤው እወጣለሁ" አለች ጽናት። "ወደ ሞላሌ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠይቄያለሁ።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን እንደ ጉቶ ሊቀሩ ነው። አፋቸው ግን "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ" ብሎ ነበር።

ገና ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ባደረ ጠዋት፣ ጽናት ወደ ትምህርት ቤት እንደወጣች መብራት ጠፋ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደስ አላቸው። የበግ ጠጉር ሊፈትሉ ተቀመጡ። እንዝርቱን እያሾሩ ወደ ሣጥኑ ላለማየት ቢታገሉም ዓይናቸው ሄደ። እባቡ የጠፋው አምፖል ሥር ተጠቅልሎ ደርቋል። ተነስተው መስታወቱን በእንዝርቱ ጫፍ መቱት። አልተነቃነቀም።

"ሙት አንተ!" አሉት።

ቆየት ብለው ደግመው መቱት። ራሱን ቀና ሊያደርግ ሞከረ፤ አቃተውና መልሶ ጣለው። አንጀታቸውን በላው። እባብ አንጀታቸውን ስለበላው በራሳቸው ተናደዱ፤ ሰው እንዳያያቸውም በሩን ዘጉ። እሳቸው ባደጉበት አገር የበረደው ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሕፃንም ይሁን የታመመ ግልገል ባና፣ ያ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይደረብለታል። ከአልጋቸው ላይ ባናቸውን ገፈፉ። ሣጥኑን ከነአምፖሉ አለበሱት፣ ጠርዙንም ዙሪያውን ከሥሩ ወሸቁት። ከዚያ እየተሳደቡ በጎቹን ውሃ ሊያጠጡ ወረዱ።

ሲመለሱ ግቢው የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። መብራት መጥቶ ኖሯል። ለምሳ የመጣችው ጽናት ባናውን ደጅ ጥላዋለች፤ መሐሉ የድስት ክዳን የሚያህል ቀዳዳ ወጥቶለት ይጨሳል። እባቡ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ተለጥፎ ምላሱን ያወጣል፤ ተርፏል።

"አቃጠልሽው! እንደዛትሽው አቃጠልሽው!" ጽናት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳለች።

በርዶት ነው ማለት ይችሉ ነበር። ለእባብ አዘንኩ ከማለት ግን ገዳይ መባል ቀለላቸው።

"አዎ፣ አቃጠልኩት! በዕድሜዬ የሠራሁት ደግ ሥራ ይኼ ነው!"

ጽናት ሻንጣዋን በሩ ላይ ዘርግታ ልብሷን ትወረውርበት ጀመር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደጁ ላይ ቆመው ያያሉ። ልባቸው እንዳትሄድ ለምኛት ይላቸዋል።

"ፎጣሽን እንዳትረሺ" አሉ።

ፎጣዋ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ነበር። ልታወርደው ስትሄድ ባናውን ረገጠችው። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ጠርዙ አሁንም እንደታጠፈ ነው።

"ይኼ የአልጋሽ ባና ነው።"

"የማንም ይሁን!"

"ስስበው እምቢ ብሎኝ ነበር። ዙሪያውን ከሣጥኑ ሥር ወሽቀሽዋል። ለምን ወሸቅሽው?"

"ብርዱ እንዳይገባበት ነዋ!" ብለው ጮኹባት።

የተናገሩትን የሰሙት ከተናገሩት በኋላ ነው። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ጽናት የታጠፈውን የባናውን ጠርዝ ዘረጋችው።

"እማዬ" አለች፣ "ባና የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ያለውን ነው። እሱ የራሱ የለውም፤ ከውጪ ካልሰጡት ይደርቃል። እኔም ሰው ይሸፍነዋል ብዬ አላሰብኩም። አምፖሉን እንዲያ ገላልጬ መተው አልነበረብኝም።"

"ይኼን ሁሉ ለተማሪዎችሽ ከምትለፈልፊ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር? ሦስት ወር ሙሉ!" ባናውን ከእጇ መነጨቁ። "በይ ያንን ሃይላንድ አምጪው፣ መብራቱ መልሶ ሳይጠፋ ውሃ ላፍላ። ይኼን ሻንጣም ከበሩ ላይ አንሺልኝ፣ ሊጥለኝ ነው!"