በበረኪና የታጠበው ጓንት

ደረሳ ጓንቱን ከሙቁ ውሃ አውጥቶ እንደ ፎጣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ጨመቀው። ቀይ ውሃ ወደ ሳፋው ወረደ። መዳፉ ላይ ያለው የሜዳ አፈር ግን ገና አለቀቀም። አንድ ክዳን በረኪና ጨመረበትና እንደገና ዘፈዘፈው።

ማጠብ የሚያውቀው ሥራ ነው። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ደም የነካው አንሶላ፣ አዮዲን የፈሰሰበት ጋዋን እሱ እጅ ገብቶ ሳይነጣ የወጣበት ቀን ትዝ አይለውም። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እንኳ ነጭ ልብሳቸው ሲቆሽሽባቸው፣ "ኦቦ ደረሳን ጠይቁ" ይባባላሉ። የበረኛ ጓንት ግን አጥቦ አያውቅም። የልጁን ጓንት ነክቶትም አያውቅም።

ልጁ ኬኔ ኳስ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። የከተማው የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ከለከላት። በሁለተኛው ተቆጣት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ አንድም ቃል አንስቶባት አያውቅም፤ እሷም አታነሳም። ማታ ስትመለስ ጫማዋን ውጭ አራግፋ ትገባለች፣ እሱ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሐሙስ ዕለት ገበያ ላይ አንድ ጎረቤቱ አስቆመው።

"ደረሳ፣ አካም ጅርታ? ቅዳሜ ልጅህን ለአንድ ትልቅ የኳስ ቡድን ሊያዩአት ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው አሉ። ደስ ይበልህ።"

ደረሳ የሚያውቅ መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ቤት ገብቶ ሚስቱን ሎሚን ጠየቃት።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ምን ብላ ትንገርህ?" አለች ሎሚ፣ ሽንኩርቷን ሳታቋርጥ እየላጠች።

ሌሊቱን ሙሉ ይህ ነገር ከነከነው። ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም። ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራትም አልለመደበትም። የሚችለው ማጠብ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ኬኔ ኮሌጅ ሳለች ጓንቱን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ አወረደው። አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ የጋለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጓንቱ በረዶ መስሎ ነጥቷል። በሁለት እጁ ዘረጋላት።

"ነጣ አይደል?"

ኬኔ ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረች። ጓንቱን ተቀብላ መዳፉን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጠንክሯል። ጣቶቹን ስታጥፋቸው ተሰነጠቀና ፍርፋሪው ጫማዋ ላይ ረገፈ።

"በምን አጠብከው፣ አባ?"

"በሙቅ ውሃ። በረኪናም ጨምሬበታለሁ። ምነው?"

ስትመልስለት ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"ይሄ ስፖንጅ ነው። ኳሱን የሚይዘው እሱ ነው። ለብ ባለ ውሃ ነው የሚታጠበው። በእጅህ ጫን ጫን እያደረግክ ቆሻሻውን ታስወጣለህ እንጂ አይጠመዘዝም። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። ፀሐይ አያየውም።"

"ሳሙናስ?"

"ትንሽ የሕፃን ሻምፖ። ከሌለም ውሃ ብቻ።"

"ሌላ ጓንት የለሽም?"

"የለኝም። ይሄንንም የቡድኑ ልጆች አዋጥተው ነው ከአዲስ አበባ ያስመጡልኝ።"

ይህንንም አያውቅም ነበር። አልቅሳ ወይም ጮሃበት ቢሆን ይሻለው ነበር። እሷ ግን ፍርፋሪውን ከጫማዋ ላይ አራግፋ፣ "ለእኔ ብለህ ነው" አለችና ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ደጃፉ ላይ ዘወር አለች።

"አባ፣ ጓንቴ ተበላሽቷል ብዬ ከአዲስ አበባ ለምትመጣው አሰልጣኝ ልንገራት? ምናልባት መላ ይኖራት ይሆናል።"

"የቤታችንን ነገር ለማታውቂያት ሴት ምን ብለሽ ትነግሪያለሽ? የገዛ አባቷ አበላሸባት እንዲሉ ነው?"

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ሊመልሰው ፈለገ። ኬኔ ግን፣ "እሺ" ብላ ሄዳ ነበር።

ደረሳ ኮቱን ደርቦ ከኋላዋ በሩቁ ተከተለ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ሜዳው ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ካፊያ እየጣለ ነበር። ሜዳው ዳር ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። አሰልጣኟ ሂሩት የምትባል ኮፍያ ያደረገች አጭር ሴት ናት፤ ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍላ አጫወተቻቸው። በአንደኛው ጎል ኬኔ ቆመች፤ በሌላው ሆሳዕና የምትባል ከዲጋ የመጣች ልጅ።

ጨዋታው ገና ሳይሞቅ አንድ ኳስ ቀጥታ ወደ ኬኔ መጣች። ደረሳ እንኳ ትያዛለች ብሎ ያሰባት ቀላል ኳስ ነበረች። ኬኔ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ኳሷ እንደ እርጥብ ሳሙና በመዳፎቿ መሃል ሾልካ ከኋላዋ መስመሩን አለፈች።

ከዚያ በኋላ ኬኔ አንድም ኳስ ለመያዝ አልሞከረችም። የመጣውን ሁሉ በቡጢ መለሰች። እየዘለለች፣ እየወደቀች፣ በሰው መሃል እየገባች መታች። ሌላ ጎል አልገባባትም። ከደረሳ አጠገብ የቆመ አንድ ሰው፣ "ይቺ ልጅ አትፈራም" አለ። ደረሳ ስለ ኳስ ብዙም ስለማያውቅ፣ ምናልባት ነገሩ ተስተካክሎ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ።

ሲያልቅ ሂሩት የመረጠቻቸውን ልጆች ስም ጠራች። ከበረኞቹ የተጠራችው ሆሳዕና ናት። ከዚያ ኬኔን ወደ ዳር አወጣቻት። ደረሳ ከአምስት እርምጃ ላይ ይሰማ ነበር።

"ጎበዝ ነሽ፤ ልብ አለሽ" አለቻት። "ግን የመጣልሽን ሁሉ በቡጢ ትመልሻለሽ። እኔ የምፈልገው የምትይዝ በረኛ ነው። እጅሽን አታምኚውም።"

ኬኔ መሬት መሬቱን እያየች፣ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" አለች። አባቷ እዚያው ቆሞ ሳለ ወደ እሱ ቀና ብላ አላየችም። ዓይኗ አንድ ጊዜ ቢያርፍበት ኖሮ ምናልባት ይችለው ነበር።

ሂሩት ወደ መኪናዋ ስትራመድ ተከተላት።

"አሰልጣኝ።"

"አቤት፣ አባቴ።"

"የኬኔ አባት ነኝ። እጇን የማታምነው እሷ አይደለችም። ጓንቷን በበረኪና አጥቤ ፀሐይ ላይ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ለአሰልጣኟ ልንገራት ስትልም የከለከልኳት እኔ ነኝ።"

በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ዞር ብለው አዩት። ከመዘምራኑ ሁለቱ እዚያ ነበሩ። ሂሩት ተመልሳ ሄዳ ጓንቱን ከኬኔ ተቀበለችና ጣቶቹን አጠፍ አደረገቻቸው። ፍርፋሪ እጇ ላይ ቀረ።

"ጠዋት ብትነግሩኝ ኖሮ" አለች ዝግ ብላ፣ "ትርፍ ጓንት መኪናው ውስጥ ነበረኝ።"

ደረሳ ጓንቱን ከእጇ ተቀበለ።

"አሁን ሆሳዕናን መርጫለሁ። ደህና ተጫውታለች፤ ልነጥቃት አልችልም። ረቡዕ ጊምቢ ላይ ሌላ ምልመላ አለኝ። እዚያ ከመጣች እንደገና አያታለሁ። ቃል ግን አልገባም።"

"ገለቶማ" ብሎ አመሰገናት ደረሳ፤ ኦሮምኛ አታውቅ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

መኪናው ሄደ፣ ሰዉም ተበተነ። ኬኔ ሜዳው ዳር ካለው ረጅም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ትፈታለች። ደረሳ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

"ረቡዕ ያለችውን ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"እና?"

"የምሄድ አይመስለኝም፣ አባ። ደክሞኛል።"

ትሄጃለሽ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። አትጫወቺም ያላት በዚሁ ድምፅ ነበር፤ አትናገሪም ያላትም። ዋጠው።

አንድ ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ ተጣራ።

"ኦቦ ደረሳ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ግቡ እንጂ። ላድርሳችሁ።"

ደረሳ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አሰናበተው። ከዚያ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ ከልጁ ጎን ተቀመጠ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አላት፣ "አንቺ ራስሽ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

ኬኔ የጫማ ክሩን እንደያዘች ቀረች። ደረሳም ጥያቄውን አልደገመውም፤ ዝናቡ ኮቱን እያረጠበው፣ እስክትናገር ድረስ ሊጠብቃት ተቀመጠ።