የፈንታሁን ካሴት ጀርባ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በናፍጣ ወፍጮ ሠርቻለሁ። ግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። በቀኙም ሰው ሲያናግረኝ ግማሹን ነው የምይዘው። ይህን የምጽፈው ለምን እንደቸኮልሁ እንዲታወቅ ነው።

ፈንታሁን በያጅ ነበር። ወፍጯችን ሲሰበር የሚጠግነው እሱ ነው። በ1992 ዓ.ም. አንድ ካሴት አወጣ። መዶሻ አለበት፣ የብረት መጋዝ አለበት፣ የእኔ ወፍጮ ሞተር አለበት፤ በላዩ ላይ ጊታር ያጓራል። ሠላሳ አስቀድቶ ሰዒድ ካሴት ቤት አስቀመጠ። ከእኔ በቀር የገዛ ሁሉ በማግስቱ መለሰው። «ተበላሽቷል፤ ቴፔን ሊያበላሽብኝ ነበር» ይላሉ። ሰዒድ ሐቀኛ ነጋዴ ነው። ለሁሉም ሌላ ካሴት ቀየረላቸው፤ የፈንታሁንን ግን እያጠፋ ዘፈን ቀዳበት። ፈንታሁን አንበሳሜ ሄዶ የበርና የመስኮት ብየዳ ያዘ። ስለ ካሴቱ ብጠይቀው «ይተዉት ጋሼ፤ ዋናውንም አጥፍቼዋለሁ» አለኝ።

የቀረው የእኔው ብቻ ነበር።

ሙዚቃ አላውቅም። ወፍጮ ግን አውቃለሁ። ድንጋዩ ባዶውን ሲዞርና ጤፍ ሲገባበት ድምፁ አንድ አይደለም። ፈንታሁን ይህን ሰምቷል። ሰው ጩኸት በሚለው ውስጥ ድንጋዩ ሲራብና ሲጠግብ ይለያል። በካሴቱ ጀርባ፣ መጨረሻው ላይ ሞተሩ ይጠፋል፤ ድንጋዩን የሚያዞረው ችንጋ እየዘገየ ይመታል። ከዚያ የሴት እንጉርጉሮ ይሰማል። ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ናት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታንጎራጉር ነበር፤ ሞተሩ ሸፍኗት ነው።

ጆሮዬ ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ሰው እስከዚያ ድረስ እንዲሰማው ፈለግሁ። አንድ ይበቃኛል። ባለቤቴ ብዙነሽ ሞክራ ነበር። «ከወፍጮው ወጣሁ ብለህ ወፍጮውን ቤት አመጣኸው?» ብላ ጎረቤት ሄደች። ሰዒድ ዘንድ ወሰድሁት።

«እስከ መጨረሻው ስማልኝ» ብዬ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ሄድሁ። ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

«ጋሼ ሙላቴ፣ አስተካክዬልዎታለሁ። ፊቱን ደህና የድሮ ዘፈን ሞላሁበት። ስጦታዬ ነው።»

ካሴቱን አገላበጥሁት። እንዳይቀዳበት ጥርሱን ሰብሬው ነበር፤ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፎበታል።

«ጀርባውንስ?»

«እሱን ለዛሬ ከሰዓት ነው ያቆየሁት።»

በክፋት ቢያጠፋው እቆጣ ነበር።

«ሰዒድ፣ አልተበላሸም ነበር። እንደዚያ ነው የተሠራው።»

«ሆን ብሎ?»

«ሆን ብሎ።»

«ወላሂ አላወቅሁም። ታዲያ ያ ሁሉ ካሴት...» አለና ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«ተቀመጥና ጀርባውን ስማ።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ «የሠርግ ዘፈን ነው እንዴ ጋሼ?» ብሎ ቀለደ። ቆይቶ ጣቱ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። አየሁት። እሱ ራሱ አላወቀውም። ሞተሩ ጠፋ። ችንጋው ዘገየ። ሰዒድ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

ይህን ጊዜ ጌጤ፣ ከማዶ ጨው የምትሸጠው፣ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ኧረ ሰዒድ፣ ቴፑ ካሴቱን እየበላው ነው!»

የሰዒድ እጅ ከሐሳቡ ቀደመ። አቆመው።

«አሁን ነበር» አልሁት።

«ምኑ?»

አልነገርሁትም። ብነግረው እንደሰማው ይቆጥረዋል።

«በሞቴ አይቆጡ፤ ከዚሁ ልቀጥለው።»

«አይሆንም። ከመጀመሪያው መልሰው።»

«ሃያ አምስት ደቂቃ እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«አውቃለሁ። ጌጤ፣ ወይ ግቢ ወይ ሂጂ።»

«ከዚህ ጩኸት ጋር? ጨዌን ማን ያይልኛል!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ሰዒድ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። አልቆ ቀጭ ሲል ከመስጊድ አዛን ተሰማ። ተነሣ።

«ሰግጄ ልምጣ። ከዚያ ከመጀመሪያው፤ ቃሌ ነው።»

ሄደ። ማንም እንዳይቀዳበት ካሴቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።