ባድሩን ጭጋግ ሲውጠው

ባድሩ ጃኬቱን ሲያወልቅ ራውዳ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። በረዶው ገና ማባራቱ ነው፤ ከተራራው ጫፍ መውረድ እንደጀመሩ፣ መጠለያ በሌለበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ነበር የወረደባቸው። ሁለቱም እስከ ቆዳቸው ርሰዋል።

“ሞቀኝ” አላት ታላቅ ወንድሟ። ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል።

“ምን ሆነሃል ወንድም ጋሼ? ልበስ እንጂ!”

“አንቺ ሱቁን ዝጊና ነይ፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።”

ያን ጊዜ እንደማይቀልድ ገባት። ሱቃቸው ያለው ሸዋ ሮቢት፣ ከተራራው ወዲያ ቆላው ውስጥ ነው። ባድሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ጨርቅ እየለካ ቀና ባለ ቁጥር ይህን ተራራ ያያል። “አንድ ቀን እዛ አናት ላይ ቆሜ ቤታችንን ቁልቁል አያለሁ” ይል ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ቶይባ “ብቻህንማ አትሄድም” ብለው ራውዳን አስከተሉት። ከተራራው ሥር፣ ጓሳ አድረው ማለዳ ተነሱ። ዳገቱ ጉድ ነበር፤ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ከእግራቸው ሥር እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆላው በደመና ተሸፍኗል። ራውዳ “እንውረድ” ብትለው “ትንሽ ቆዪ፣ ይገለጣል” እያለ አስቆያት። አልተገለጠም። በረዶው መጣ።

ጃኬቱን በግድ አልብሳ፣ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትጎትተው ጀመር። ጉልበቱ ከዳው። ብትቆጣው፣ ብታለቅስበት አይሰማትም። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ ነፋስ በማይመታው ቋጥኝ ሥር አስገብታ፣ የጓሳውን ሣር ደረቅ ደረቁን እየነጨች ልብሱ ውስጥ ጠቀጠቀችለት።

ጠዋት ሲወጡ ከታች ሣር የሚያጭዱ ሰዎች አይታ ነበር። “መጣሁ፣ እንዳትንቀሳቀስ” ብላው ቁልቁል ሮጠች። ጥቂት እንደወረደች ጭጋግ ድንገት ግጥም አለ። ተጣራች፤ የሚመልስ የለም። የምትረግጠው ሲጠፋት ወደ ወንድሟ ልመለስ ብላ ዞረች። ቋጥኙ የለም። ሌላ ቋጥኝ አለ፣ ሥሩ ባዶ ነው። ሌላም አለ።

“ባድሩ!” ስሙን ብቻ ጠርታው አታውቅም። “ባድሩ! ያ አላህ፣ ምን አደረግሁ!”

ቁጭ አለች። እናቷን በምን ዓይኗ ታያለች? በሕይወት ያለ ልጃቸውን ድንጋይ ሥር ጥላ ሄዳለች።

ከግራዋ ቀጭን ድምፅ ሰማች። አዛን ነበር። የባድሩ ስልክ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ በራሱ ያሰማል።

እየወደቀች እየተነሳች ወደ ድምፁ ሄደች። አዛኑ ሳያልቅ አገኘችው፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ እሷን ግን አያይም። ከእንግዲህ ብሞትም አልለየውም አለች። ስልኩን ከኪሱ አውጥታ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀችውና አዛኑን መልሳ ከፈተችው። ሲያልቅ እንደገና። በመሀሉ “የሰው ያለህ!” ትላለች። ድምፅዋ ሰለለ። ባትሪውም አለቀ፤ ጸጥታው ከብርዱ ባሰባት። ላዩ ላይ ተኝታ አቀፈችው። ትንፋሹን በጉንጯ ትፈልጋለች፤ አንዴ ታገኘዋለች፣ አንዴ ታጣዋለች።

የፈረስ ኮቴ ስትሰማ የምትቃዥ መሰላት።

“ማነህ? ሰው ነህ ወይስ ሌላ?” አለ ጎርናና ድምፅ።

“ሰው ነን አባቴ! ይድረሱልኝ፣ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው!”

የጠፋ በግ ፍለጋ የወጡ፣ አቶ ወዳጆ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። የለበሱትን የበግ ለምድ አውልቀው ባድሩን ጠቀለሉት። “እዚህ ገደል ላይ አዛን! በስመ አብ ብዬ አማትቤ ልሸሽ ነበር” አሉ፣ ፈረሱ ላይ እየጫኑት። “ኋላ የሴት ጩኸት ሰማሁ።”

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ እርጥቡን ልብስ ገፈው፣ በባና ብርድ ልብስ ጀቦኑት፤ እሳት አቀጣጠሉ። ባድሩ እንደ ግንድ ተጋድሟል። ቆይቶ መላ ሰውነቱ ይርገፈገፍ፣ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ራውዳ ጮኸች።

“ተይው ልጄ፣ ይንቀጥቀጥ” አሉ ደብሪቱ። “እኔንስ ያስፈራኝ ሳይንቀጠቀጥ ዝም ማለቱ ነበር።”

መንቀጥቀጡ ሲበርድለት ባድሩ ዓይኑን ገለጠ። የማያውቀውን ጣሪያ አየ፣ ከዚያ እሷን።

“ጥለሽኝ ሄደሽ ነበር” አላት።

“አዎ” አለች ራውዳ። ደብሪቱ ያቀበሏትን ሙቅ ወተት ወደ ከንፈሩ አስጠጋች፤ ግማሹ አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ባድሩ የቀረውን ጠጣ።