የወንዙ ዳር ኮሶ

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ሙሴ የሚባል የደን ባለሙያ ከላፍቶ መንደር በላይ ያለውን የተራራ ደን ሦስት ሳምንት ሲያስስ ከረመ። ሥራው ወፎችንና ትንንሽ አውሬዎችን መቁጠር፣ የት እንደሚጠለሉና ምን እንደሚበሉ መመዝገብ ነበር። ወረቀቱን ሲያስረክብ አለቃው ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

«ስንት ችግኝ ይተከላል?» አለው።

«የተላክሁት ለችግኝ አልነበረም እኮ!»

«ቅጹ የሚጠይቀው ችግኝ ነው። ሙሴ፣ አታድርቀኝ።»

በሰኔ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሮበሌ ዘመቻ ጠራ። እንግዶች ደኑን ሊጎበኙ ነው ተብሎ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ ሆዳቸው የተቦረቦረ አሮጌ ጥዶች ተገነደሱ። ሙሴ እያለከለከ ደረሰ።

«ጓድ ሮበሌ፣ ያስቁሙልኝ! ጉጉት የምትፈለፍለው እንዲህ ባለ ግንድ ውስጥ ነው። ጥርኙም መደበቂያ ካጣ ይሄዳል። አይጡን ማን ሊበላላችሁ ነው?»

«ለጉጉት ነው የምታለቅሰው? ለሟርተኛዋ? ትሂድልና!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። መጥረቢያውም ቀጠለ።

መስከረም ጠብቶ ገብሱ ሲያሽት አይጡ ከተመነጠረው ዳገት ወደ ማሳው ጎረፈ። ማኅበሩ ተሰበሰበና ሙሴን አስጠራው።

«ይኸው ቆጣሪው!» አለ ሮበሌ። «የቆጠሩት ነገር መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል? ቆጥሮ ቆጥሮ አበዛብን!»

ሙሴ አናቱ ሊፈነዳ ደረሰ። «እኔ ነኝ ያበዛሁት? እኔ?» እያለ ጮኸ።

ይሄኔ በወንዙ ዳር ማሳ ያላቸው አዴ ሸጊቱ የሚባሉ ባልቴት ብድግ አሉ። «የእኔ ገብስ ደኅና ነው። ከምትጨቃጨቁ መጥታችሁ እዩት» አሉ።

ተከትለዋቸው ወረዱ። ከማሳቸው ራስጌ፣ ገደል ላይ ስለበቀለ መጥረቢያ ያልደረሰበት ሽማግሌ ኮሶ ቆሟል፤ ግንዱ ቦርቧራ ነው። ሥሩ ጉጉት የተፋቻቸው ድቡልቡል ነገሮች ተዝረክርከዋል። ሙሴ አንዱን አንስቶ በጣቱ ፈረከሰው፤ ከጠጉሩ መሀል አራት የአይጥ ራስ ቅል ወጣ። መዳፉን እንደ ዘረጋ ሮበሌ አፍንጫ ሥር ወሰደው።

ሮበሌ ራስ ቅሎቹን በጣቱ አገላበጠ። «ቀድመህ እንዲህ ብለህ አታስረዳንም ነበር?»

«አላስረዳሁም?! ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ አልነበር?»

«እሺ፣ አትቆጣ። እንዲህ ያለ ኮሶ ብንተክል በስንት ዓመቱ ይቦረቦራል?»

«እርስዎም እኔም አንደርስበትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የቀረውን አትንኩ! ቁጥቋጦውንም ዝም ብላችሁ ተዉት፣ ራሱ ይበቅላል። ሌላ ሥራ የለውም!»

የዚያን ዓመት ገብስ ግማሹን አይጥ ፈጀው። ሮበሌ ግን ኮሶው ያለበትን ገደል ከልክሎ አስጠበቀ። በተከታዩ ክረምት ሙሴ ሲመለስ ቁጥቋጦው ጉልበት ደርሷል፤ ጭቃው ላይም የጥርኝ ዱካ አየ። ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ፣ ሰው እንዳያየው ዞር ዞር ብሎ፣ «አንድ» ብሎ ጻፈ።