የባለካባው ድምፅ

የውጭ ፊልም ጀግናው ባለካባው በአምስት ፊልሞች ውስጥ ሲናገር የኖረው በአባቷ ድምፅ ነበር። የሰውየው ቋንቋ ሌላ ነው፤ እሷ ንግግሩን ትተረጉማለች፣ አባቷ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ይናገርለታል። ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ ጣጣው አፉ ነው። ጀግናው አፉን እያንቀሳቀሰ ድምፅ ከጠፋ ተመልካች ይስቃል። ስለዚህ ትርጉሙ ሲያጥር የሆነ ነገር ተጨምሮ አፉ ይሞላል።

በአዲሱ ፊልም ከተማቸው የሰጠመባቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው የሌላ ከተማ ግንብ በር ላይ ይቆማሉ። ባለካባው ወደ ዘበኞቹ ዞር ብሎ «ይግቡ» ይላል። በኛ ቋንቋ ያው አንድ ቃል ነው፤ እሱ ግን አየር እያላመጠ ይቀጥላል። እሷም ምሳ ሰዓት አልፎባት ነበርና «ነገ ደጅ የምንቆመው እኛ ልንሆን እንችላለን» ብላ ሞላችውና ልትበላ ሄደች።

ፊልሙ በወጣ ሳምንት ሲኒማ ቤቱ በፉጨት ተናጋ። «ቡጢ ልናይ መጥተን ስብከት!» እያሉ ጥለው የወጡ ነበሩ። አገሩ ማን ይግባ ማን ይቅር በሚል እርስ በርሱ ተኳርፎ የከረመበት ሰሞን ስለነበር፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ዞረች። ግማሹ ባለካባው ተሸጠ አለ፤ ግማሹ ፊልሙን ሳያይ አጨበጨበ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ለአባቷ ፎጣ እያሰረለት፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ፓርቲ ገቡ?» አለው።

ከዚያ የስቱዲዮው ባለቤት ደወለ። ወይ ዓረፍተ ነገሯ ተቀይራ እንደገና ትቀረጻለች፣ ወይ ለባለካባው ሌላ ድምፅ ይፈለጋል።

እሷ አልተጨነቀችም። አባቷ እንቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው፤ በስህተት የደወለለትን ሰው እንኳ ቤተሰቡን ጠያይቆ ነው ስልኩን የሚዘጋው። መተኪያውን ጽፋ ይዛ ስቱዲዮ ገባች፤ «ይግቡ። ቶሎ በሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ውሃው እየደረሰ ነው።» አፉን ይሞላል፣ ማንንም አያስቆጣም።

አባቷ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ምስሉ ሄደ። ባለካባው አፉን ከፈተ፤ አባቷ ዝም።

«ጋሼ፣ አመለጠዎት። እንድገመው?» አለ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው የድምፅ ባለሙያ።

«አላመለጠኝም።»

የመቅረጫ ክፍሉን በር በርግዳ ገባች። «አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ይሄን የውሃውን አልልም። የፊተኛው ጥሩ ነው።»

«የፊተኛው እኮ ሥራህን ሊያሳጣህ ነው!»

«ሰማሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሱ የተነሳ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቻለሁ። ልጄ አስባበት ነው የጻፈችው አልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አይደውልልኝም።»

ጆሮዋ ጋለ። ዝም ማለት ትችል ነበር።

«አላሰብኩበትም፣ አባዬ። አፉ እንዲሞላ ነው የጻፍኩት። ርቦኝ ነበር።»

ባለሙያው ሽቦ የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። አባቷ አፈጠጠባት፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው።

«ርቦሽ?»

«በጣም።»

«እኔ ደግሞ እሱን ስል እንባ እንባ ብሎኝ ነበር!» ዓይኑን ጠረገ። «አንቺ ባታስቢበትም እኔ ስለው አምኜበታለሁ። አሁን ምን ላድርገው፣ የኔ ልጅ?»

«ባለካባውን ትወደዋለህ።»

«እወደዋለሁ።»

«ሌላ ሰው ሊናገርለት ነው።»

«ይናገርለት። በኔ ድምፅ ግን እንዲህ ብሏል።»

በዚያች ደቂቃ ዓረፍተ ነገሯን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተመልካች ሰማቻት። ክፉ አልነበረችም። መተኪያው ያለበትን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ መስታወቱ ዞረች።

«ባለቤቱን አይቀየርም በለው።»

«ሌላ ድምፅ ሲመጣስ?» አለ ባለሙያው ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ። «አንቺ ትጽፊለታለሽ?»

«እኔም የለሁበትም።»

ደረጃው መሃል ላይ ሲደርሱ አባቷ መደገፊያውን ይዞ ቆመ።

«ያመኛል እኮ» አለ።

«ጉልበትህን?»

«አይ። ባለካባው በሌላ ሰው ድምፅ ሲናገር መስማት።»

«አትየው ታዲያ።»

«አየዋለሁ እንጂ! በሚቀጥለው ፊልም ምን ላይ እንደሚደርስ ሳላውቅ እንዴት እቀመጣለሁ?»

ቦርሳውን ተቀበለችው። «እሺ። አብረን እናየዋለን።»