የተዘለለው ትምህርት

«ጮክ ብለሽ አንብቢው የኔ ማር፤ ኋላ ያሉትም ይስሙ» አለች ሮንዳ፣ እጇን የታቢታ ትከሻ ላይ አሳርፋ።

ታቢታ አላነበበችም። የመልመጃ መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት መሐል ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊት ለፊቷ የሮንዳ ልጅ ግራንት ቆሟል፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ የብስኩት ከረጢት በእጁ ይዞ ያኝካል። ዙሪያቸውን የተቀመጡት ልጆች ሁሉ እንደ ታቢታ ትምህርት ቤት የማይሄዱ፣ እናቶቻቸው ቤት የሚያስተምሯቸው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እዚህ ተሰብስበው አብረው ይማራሉ። የመጽሐፍ ቅዱሱን ትምህርት የምትመራው ሮንዳ ናት። የምድር ቤቱ ቁልፍም በእሷው እጅ ነው።

የታቢታ እናት ሼልቢ በጎን ባለው ክፍል ለትንንሾቹ ክፍልፋይ ስታስተምር ቆይታ በሩ ላይ የደረሰችው ይሄኔ ነው።

«ምን አጥፍታ ነው?» አለች።

«ኧረ ምንም አላጠፋች። የዛሬው ትምህርት ይቅርታ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ይቅር የሚለውን ሰው ስም ይጽፍና ለራሱ ለሰውየው ይነግረዋል። ታቢታ ቦታውን ባዶ ትታው ስላገኘኋት ረዳኋት።»

ረዳኋት ማለቷ፣ የልጅቷን እጅ ይዛ የገዛ ልጇን ስም ማስጻፏ ነው።

ባለፈው ወር ሮንዳና ልጇ እነ ሼልቢ ቤት ምሳ ተጋብዘው ነበር። ግራንት ያን ቀን በአየር ጠመንጃው የታቢታን ዳክዬ ገደላት። ሥራ ፈትታ ስለማታውቅ ማርታ ብለው የሰየሟት ዳክዬ ናት። ታቢታ ከእንቁላል አስፈልፍላ፣ ብርድ እንዳይነካት በሹራቧ ኪስ ይዛ እየዞረች ነው ያሳደገቻት። ልጁ በድኗን በእግሯ አንጠልጥሎ እየሳቀ ሲመጣ ገበታው ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ሮንዳ «ወንድ ልጅ እንዲሁ ነው» አለችና የፖም ኬኳን መብላት ቀጠለች። በእንቁላሉ ጊዜ ያልተቀጣ ልጅ ዳክዬ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል? ከዚያ ቀን ወዲህ «አጥፍቻለሁ» ያለ ሰው የለም።

«ታቢታ» አለች ሮንዳ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ምሬት ሥር ከሰደደ ልብ ያበላሻል። ሁላችንም አንቺን እየጠበቅን ነው።»

ሼልቢ ልትናገር አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

«ግራንት፣ ማርታን ስለገደልካት…»

«እሱን ዝለይው» አለች ሮንዳ። «የበደሉ ዝርዝር አያስፈልግም፤ ይቅርታው ብቻ።»

«ግራንት፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ችግር የለም» አለ ግራንት፣ ብስኩቱን እያኘከ።

ሮንዳ አጨበጨበች፤ ልጆቹም ተከትለው አጨበጨቡ። የሼልቢ ደም ፈላ። ነገር ግን በዚያ የሚዙሪ ገጠር ሌላ እንዲህ ያለ ማኅበር የለም፤ ታቢታ ያላት ጓደኛ በሙሉ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጇን ይዛ ዝም ብላ ወጣች። ዝም በማለቷም እስከ መኪናው ድረስ ራሷን ረገመች።

መንገድ ላይ ታቢታ ከኋላ ወንበር «እማ» አለች።

«ወይ።»

«‹ችግር የለም› የሚባለው እኮ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ነው።»

«ነው።»

«ታዲያ የጠየቅኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

ሼልቢ መሪውን ጨብጣ ከፊቷ ያለውን የከብት መኪና እየተከተለች ነዳች። የተበደለ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ ራሱን በዳይ አድርጎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ያንገበግባል።

ባሏ ክሌይ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው፤ ጧት ማልዶ ወጥቶ ስለነበር ቀድሟቸው ገብቶ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የቦሎቄ ወጥ በበቆሎ ዳቦ ይበላል። ሼልቢ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላ የሆነውን ነገረችው።

«ታዲያ ለአንዲት ዳክዬ ብለሽ ከሮንዳ ልትጣዪ ነው?»

«ዳክዬዋማ ሞታለች። እኔን ያቃጠለኝ ልጄን ሰው ፊት ገትረው መጫወቻ ማድረጋቸው ነው።»

«ልክ ነሽ፤ ደግ አልሠሩም። ግን ሐሙሷን እንዳታሳጫት። ተይው፣ ይረሳል።»

«ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም፣ ክሌይ።»

ክሌይ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ሼልቢ ንዴቷ አላስቀምጥ ብሏት መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመረች። የዛሬው የይቅርታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛው ነው። ከእሱ በፊት ያለው አሥራ አንደኛው ግን እርሳስ ያልነካው ንጹሕ ወረቀት ነው። ትዝ አላት፤ ሮንዳ የምስጋና ቀን በዓል ጊዜ አጣበበን ብላ ያን ትምህርት አዘልላቸዋለች። ርዕሱን አነበበች፤ «ወንድምህ ቢበድልህ» ይላል። መጀመሪያ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ጥፋቱን ንገረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ። ሁለቱም ትምህርቶች ከአንዱ ምዕራፍ የተወሰዱ ናቸው፤ ወቀሳው ይቀድማል፣ ይቅርታው ይከተላል። ሮንዳ ሆን ብላ ትዝለለው አትዝለለው ሼልቢ አታውቅም። የተዘለለው ግን ለግራንት የሚከብደው ነው፤ ለታቢታ የሚከብደው አልተዘለለም።

«ታቢታ፣ እርሳስሽን ይዘሽ ነይ።»

«አሥራ ሁለተኛውን ጨርሼዋለሁ እኮ።»

«አሥራ አንደኛው ይቀድማል።»

ታቢታ ተቀመጠች። «ወንድምህ ያደረገውን በግልጽ ጻፍ» የሚለው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ማርታን ገደላት። ምንም አላደረገችውም። ከዚያ ሳቀ።» ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ገለጠችና ላጲሷን አንስታ፣ በሮንዳ እጅ ተይዛ የጻፈችውን ስም ትፈገፍግ ጀመር። ሼልቢ ልትከለክላት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«ስደርስበት ራሴ እጽፈዋለሁ» አለች ታቢታ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የሮንዳን በር አንኳኩ።

«እንዴ ሼልቢ፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው። ታቢታ ያልጨረሰችው ትምህርት አለ። ግራንትን ብቻውን ማነጋገር አለባት።»

«ጧት ይቅር ብላው የለም እንዴ? ይቅር የተባለ ነገር አይቆፈርም።»

«ብላዋለች አይባልም፤ አስባልሻት እንጂ። ይኸው፣ ያዘለልሻቸው ትምህርት።»

ሮንዳ ወረቀቱን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። እምቢ ማለት ግን አልቻለችም፤ መጽሐፉን መርጣ ያስገዛቻቸው እሷ ናት። ግራንትን ጠራችው። ሁለቱ ልጆች ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ንግግራቸው በረንዳው ድረስ አይሰማም። ታቢታ ቀና ብላ ስትናገር፣ ግራንት ወደ ቤቱ ሲያይ፣ ከዚያም ትከሻውን ሲነቀንቅ ብቻ ታየ። ወዲያው በእናቶቹ መሐል አልፎ ገባና በሩን ዘጋው።

«‹ዳክዬ እኮ ናት› አለኝ» አለች ታቢታ። «አልሰማኝም።»

«ይኸው ተነጋገሩ፤ በቃ» አለች ሮንዳ። «ሼልቢ፣ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ከዚህ በላይ ከገፋሽበት ለሐሙስ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ ይሻላል።»

ስለምወድሽ አለች! ሼልቢ ስለ ልጇ ጓደኞች አሰበች፤ ከእንግዲህ እሷና ታቢታ ሐሙስን ብቻቸውን ቤት እንደሚውሉ አሰበች። ታቢታ ግን አላለቀሰችም። መጽሐፉን የበረንዳው አጥር ላይ ዘርግታ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋለች።

«እማ፣ ባይሰማስ? ቀጥሎ ምን አድርጉ ነው የሚለው?»

ሼልቢ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ክሌይ፣ ልጁ አልሰማትም። ምስክር ይዛችሁ ተመለሱ ይላል። ማርታን በእግሯ አንጠልጥሎ ሲያመጣት አይተሃል።»

«ሮንዳ ምን አለች?» አለ ክሌይ።

«ከገፋሽበት ሐሙስ እንዳትመጪ ነው ያለችኝ።»

ወንበር ሲገፋ በስልኩ ተሰማ።

«እሺ፤ ጫማዬን ላድርግ» አለ።

ሼልቢ ስልኩን ዘጋች። «ባሌ እስኪመጣ እዚሁ እንጠብቃለን» አለቻት ሮንዳን፤ ልጇንም ይዛ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።